የአያቴ ሞረድ



በቀፊራ ተወልዶ ላደገ ሰው የመዶሻ ድምፅ እንግዳ አይደለም። ከገበያው ቅስት በሮች አልፎ ባሉት ጠባብ መንገዶች ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥና ብረት ሲበየድ መስማት የዘወትር ነገር ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ እየሰማሁ ሳድግ፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ አንዲት ብረት እንኳ በእጄ ሞርጄ አላውቅም ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፈው ከመዳፍ ጥቂት የምትበልጥ አንዲት የአሉሚኒየም ሠሌዳ ያስተማረችኝን ለመምህራኖቼ፣ ለወላጆቼና ለጓደኞቼ ለማካፈል ነው።

ወንድ አያቴ የምድር ባቡር ብረት ሠራተኛ ነበሩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ከተማ ሆነች፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ የከተማችን ቤተሰብ እንጀራውን የበላው በዚሁ ሐዲድ ነው። አያቴ ከመወለዴ በፊት ስላረፉ መልካቸውን አላየሁም። አንድ ትልቅ ፎቶግራፋቸው በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር አሉ። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ባለቁበት ጊዜ፣ የእኛም ቤት ግድግዳ ከነፎቶግራፉ ተወሰደ። የአያቴ የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ በዘመድ ቤት ስለነበረች ተረፈች። በውስጧ አንድ ትንሽ ጠፍጣፋ ሞረድና በወረቀት የተጠቀለለ የዚያው ፎቶግራፍ ነጋቲቭ ነበሩ።

ነጋቲቩን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ሳየው ፊታቸው ነጭ፣ ሸሚዛቸው ጥቁር ሆኖ ታየኝ። በስልኬ አንሥቼ ገለበጥሁትና ለሴት አያቴ፣ ለእማማ፣ አሳየኋቸው። እማማ ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «መልኩስ መልኩ ነው ልጄ፤ ግን መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ግድግዳዬ ላይ ስቀልልኝ» አሉኝ።

በሰፈራችን ቀድሞ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ፎቶግራፍ ማጉያ መሣሪያቸው በጨርቅ ተሸፍኖ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ነጋቲቩን የምትይዘው ሠሌዳ ግን ቤት ሲቀይሩ ጠፍታለች። ያለ እርሷ መሣሪያው ከባዶ ፋኖስ አይሻልም፤ ነጋቲቩን ዘርግታ የምትይዘውና ብርሃኑ በሥዕሉ በኩል ብቻ እንዲያልፍ የምታደርገው እርሷ ናትና። ጋሼ ጉዳዬን ሰምተው፣ «እጄ ይንቀጠቀጣል እንጂ እኔው እሠራት ነበር። ሠሌዳዋን አንተ ሥራ፤ ሥዕሉን አብረን እናወጣለን» አሉኝ።

በርና መስኮት ከሚሠሩ ሰዎች 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ቁራጭ ለመንሁ፤ ከአንድ ወርቅ ሠሪም ቀጭን መጋዝ ተዋስሁ። የነጋቲቩ ሥዕል በየጎኑ 56 ሚሊሜትር ነው። ጋሼም መስኮቱ በየጎኑ 55 ሚሊሜትር እንዲሆን አዘዙኝ፤ በጠርዙ ትርፍ ብርሃን ካለፈ ወረቀቱ ላይ ተበትኖ ሥዕሉን ያደበዝዛልና። ሠሌዳውን ቀለም ቀብቼ በመርፌ መስመር አሰመርሁ፤ በማዕዘኑ በትራፓኖ ቀዳዳ አበጅቼ የመጋዙን ስለት በዚያ አስገባሁ። ከመስመሩ አንድ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቼ እንድቆርጥና የቀረውን በሞረድ እንድጨርስ ተነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ድካም ለመቀነስ ብዬ መጋዙን በመስመሩ ላይ ነዳሁት። መጋዙ ዘመም አለና አንዱ ማዕዘን 3 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጣ። ጋሼ ሠሌዳውን አይተው አልተቆጡም፤ «ብረት ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም» ብለው ብቻ መለሱልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የተሞረደ ብረት ግን ተለቅሞም አይመለስም።

ሁለተኛውን ሠሌዳ በትዕግሥት ጀመርሁ። የድሬዳዋን ሙቀት ስለምታውቁት የምሠራው በማለዳ ነበር። ሞርሳው ሠሌዳውን እንዳያቈስለው በሁለት እንጨቶች መካከል አሰርሁት። አሉሚኒየም አይዝግም፤ ቀላልና ለእጅ መሣሪያ የሚታዘዝ ነው። ነገር ግን ለስላሳ በመሆኑ ብናኙ በሞረዱ ጥርሶች መካከል ይሰነቀርና ሠሌዳውን መልሶ ይቧጭራል። መድኃኒቱ እኛ ተማሪዎች በየቀኑ የምናየው ጠመኔ ነው፤ ሞረዱን ጠመኔ ቀብቶ አሁንም አሁንም በሽቦ ብሩሽ መጥረግ ነው። ሞረድ ሲገፋ ይበላል፤ ሲሳብ አይበላም፤ ስለዚህ ወደ ራስ ሲመልሱት ከብረቱ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። የአያቴ ሞረድ እጀታ በአውራ ጣታቸው ቦታ ጎድጎድ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጣቴ ሳላስበው በዚያች ጎድጓዳ ውስጥ እንዳረፈ አስተዋልሁ።

መስኮቱ በትክክል 55 ሚሊሜትር ሲሆን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጋሼ ቀደም ብለው፣ «የተሞረደ ጠርዝ በዓይን የማይታይ ስለት ይቀርበታል። በጥጥ ዳስሰው፤ ጥጡ ከተያዘ ገና ነው። እስከዚያ ድረስ በማይረባ ነጋቲቭ ሞክር» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን በዚያ ማለዳ እርሳቸው ሳይኖሩ የአያቴን ነጋቲቭ አስገባሁት፤ ልክ መሆኑን ለማየት አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አደረግሁት። ሳወጣው ከትከሻቸው ጀምሮ ወደ ደረታቸው የሚወርድ አንድ ቀጭን ጭረት አየሁ። ከዚያ በኋላ ሠሌዳውን በጥጥ ብዳስሰው ጥጡ እዚያው ተያዘ።

ያን ቀን ትምህርት ቤት ውዬ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ነጋቲቩ አንድ ብቻ ነው፤ ጎርፉ ያልነካውን እኔ ነካሁት። ዝም ልበል ብዬም አሰብሁ፤ ጭረቱ የቆየ ነው ብል ማን ያውቃል? ማታ ግን ወደ ጋሼ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ለእኔ መንገርህ መልካም ነው። ለባለቤቷ ግን ራስህ ትነግራለህ፤ አሁን ጠርዙን ጨርስ» አሉኝ። በእንጨት ላይ በጠቀለልሁት የብርጭቆ ወረቀት ጥጡ ሳይያዝ እስኪያልፍ ድረስ አለሰለስሁት። የሚያብረቀርቅ ጠርዝ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀባሁት፤ አጥቤም አደረቅሁት። የብረት ብናኝ የነጋቲቭ ጠላት ነውና ከሞርሳው አጠገብ ፎቶግራፍ አይሠራም።

ሥራውን የጨረስነው በሌሊት ነው። የፎቶግራፍ ወረቀቱ ቀይ ብርሃን ስለማይሰማው በቀይ አምፑል ሠራን። ሥዕሉን የሚያወጣው መድኃኒት 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስለሚሻ ሳሕኑን በበረዶ ከበብነው። የከተማችን ውኃ ሲደርቅ ነጭ ኖራ ስለሚተው ለመጨረሻው እጥበት የተጣራ ውኃ አዘጋጀን። ጋሼ በዚህ ጊዜ በሐረር ነጋዴ ስለነበረው ስለ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ስለ አርቱር ራምቦ አጫወቱኝ። ራምቦ በ1875 ዓ.ም. ራሱ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ባጠበበት መጥፎ ውኃ ምክንያት እንደ ነጡ ጽፎ ነበር። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስንነክረው በመጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ የኮፍያ ጥላ፣ ከዚያ ዓይኖች፣ ከዚያም የማላውቃቸው የአያቴ ፊት ቀስ እያለ መጣ። ጭረቱም በትከሻቸው ላይ እንደ ጥቁር ክር አብሮ ወጣ።

በማግስቱ ፎቶግራፉን ለእማማ ሰጥቼ፣ ሳይጠይቁኝ ጥፋቴን ተናዘዝሁ። እማማ ዓይናቸው ደክሟልና ፎቶግራፉን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ጣታቸውን በጭረቱ ላይ አሳለፉና፣ «ዕድሜ ልኩን ብረት የተሸከመ ትከሻ ነው፤ ይህች ምን ትለዋለች? አንተ ግን ሌላ ጊዜ የተባልኸውን ስማ» አሉኝ።

አሁን ፎቶግራፉ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዶች ስለ ኮፍያው ይጠይቃሉ፤ እኔ በገባሁ ቁጥር የማየው ጥቁሩን ክር ነው። ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል በእጁ ሊሠራ የሚነሣ ቢኖር ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቍረጥ፤ ሥራዬ አለቀ ሲልም መጀመሪያ በጥጥ ይዳስሰው። ሞረዱ ከጠመኔ ጋር በሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ለሚፈልግ አውሰዋለሁ።