ጉልበት ሲከዳ ልብ እንዴት ይፈተናል?

ከሲቀላ ወደ ሼቻ የሚወስደውን ዳገት የማያውቅ የአርባ ምንጭ ልጅ የለም። እኛ ወጣቶቹ ባጃጅ ሲጠፋ እየተቀላለድን እንወጣዋለን። የ60 ዓመቱ አባቴ ግን አንድ ቀን መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ደረቱን ያዘ። «ምንም አይደል፣ ቃር ነው» አለኝ። ትንሽ ሲያርፍ ለቀቀው። በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ደገመው። ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ቃር ነው፣ ዳገት እየጠበቀ የሚመጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ የደም ሥር ቢጠብም፣ ሰው ቁጭ ባለበት የሚበቃ ደም ሊያሳልፍ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ልብ ሥራ ሲበዛባት ነው። ለዚህ ነው ተኝተው የሚነሱት ኢሲጂ ደህና ሆኖ ችግሩ ሊያመልጥ የሚችለው።

አዲስ አበባ ወሰድነውና ሐኪሙ የመሮጫ ማሽን ላይ አወጣው። ማሽኑ በየ3 ደቂቃው ይፈጥናል፣ ዳገቱም ይጨምራል። ከ220 ላይ ዕድሜ ሲቀነስ 160 ይሆናል፤ የዚያ 85 በመቶ በደቂቃ 136 ምት ነው። መድረስ የነበረበት እዚያ ነበር። አባቴ 104 ላይ «በቃኝ» ብሎ ወረደ። ለካ ጉልበቱን ቁርጥማት ይዞታል፤ ሽማግሌ እንዳይባል ደብቆ! ኢሲጂው ላይ ምንም ስላልታየ እኛማ እልል ልንል ነበር። ሐኪሙ ግን «አባባ፣ የተፈተነው ጉልበትዎ እንጂ ልብዎ አይደለም» አለው።

በሌላ ቀን በመድኃኒት ተፈተነ። ዶቡታሚን የሚባለው መድኃኒት በደም ሥሩ እየተንጠባጠበ፣ መጠኑ በየ3 ደቂቃው ሲጨመር ልቡ እየፈጠነች ሄደች፤ ሐኪሙም በአልትራሳውንድ ያያታል። «ተኝቼ ሼቻን ወጣሁት!» አለ አባቴ በኋላ። እውነቱም ወጣ፤ አንዱ የልቡ ግድግዳ እንደሌላው አልተኮማተረም። ሕክምናውን ጀመረ።

ታዲያ የመድኃኒቱ ምርመራ ይበልጣል ማለት ነው? አይደለም። መራመድ ለሚችል ሰው የእግሩ ይመረጣል፤ ምን ያህል እንደሚችል፣ ሕመሙ የት ላይ እንደሚጀምር፣ ግፊቱ እንዴት እንደሚሆን አብሮ ያሳያል። መድኃኒቱ ይህን አይነግርም፤ ሊያንቀጠቅጥ፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ስለሚችል ሐኪም አጠገብ ሆኖ ብቻ ነው የሚሰጠው። አዴኖሲን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ ልብን ከማስሮጥ ይልቅ የደም ሥርን ያሰፋል። አስም ላለበት ሰው አይመከርም። ቡናም ሥራውን ስለሚያከሽፍበት ከቀደመው ቀን ጀምሮ መተው አለበት። ለኛ ሰው ይሄኛው ሳይከብድ አይቀርም!

እና ወዳጆቼ፣ ከምርመራው በፊት ጉልበቱንም፣ አስሙንም፣ የሚዋጠውንም ክኒን ለሐኪሙ ዘርግፉለት። አርፈውበት የማይለቅ የደረት ሕመም ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

እናንተስ ቤት፣ መሀል ዳገት ላይ ቆሞ «ቃር ነው» የሚል አባት የለም?