ያልተነበበው መስመር

አንባቢ ሆይ፤ የታሸገ ምግብ ገዝተህ ከመክፈትህ በፊት፣ በማሸጊያው ጀርባ የሠፈረውን ደቃቅ ጽሑፍ ታነባለህን? እኔ የሥነ ምግብ መምህር ነኝ፤ ሰው ይህን ጽሑፍ እንዴት እንደሚያነበውና ምኑ ላይ እንደሚሰናከል ማጥናት ሥራዬ ነው። ሆኖም ስለዚሁ ንባብ የማልረሳውን ትምህርት ያገኘሁት ከራሴ ስሕተት ነው።

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዚያች ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶችን በአንድ አዳራሽ እየሰበሰብሁ ስለ ምግብ አስተምር ነበር። የአንዲቱ እናት የስምንት ዓመት ልጅ ሴሊያክ የሚባል ደዌ ነበረበት። ይህ ደዌ ያለበት ሰው፣ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ፣ ሰውነቱ የገዛ ራሱን ትንሽ አንጀት ይጎዳል፤ መፍትሔውም እነዚህን እህሎች ፈጽሞ መተው ነው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ልጁ ከእንጀራ አልተለየም፤ ይህም ለእናቲቱ ትልቅ መጽናኛ ነበር።

እኔም በችኰላ አንድ ምክር ሰጠኋት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና ከ2006 ጀምሮ የጸናው የአሜሪካ ሕግ፣ አለርጂ የሚያስነሡ ዋና ዋና ምግቦች በማሸጊያው ላይ በግልጽ እንዲጠቀሱ ያዝዛል፤ ስንዴም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ስለዚህ «ከታች ‹ስንዴ አለበት› የሚል ካላዩ አይሥጉ» አልኋት። ገብስ ግን ከእነዚያ ምግቦች አልተቈጠረም። ይህን አውቅ ነበር፤ ሳልናገር ቀረሁ እንጂ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ደክሞ አልጋ ላይ ዋለ። እናቲቱ የእንጀራውን ማሸጊያ ይዛ መጣች። ከፊቱ በትልቁ «ጤፍ» ተጽፎበታል፤ ከኋላው በደቃቁ «ውሃ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ እርሾ» ይላል። «ዶክተር፣ ያሳዩኝን ቦታ አይቼ ነበር» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አንባቢ ሆይ፣ ብትቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐተታዬን ቀንሼ ባዶ ማሸጊያዎችን እየሰበሰብሁ መምጣት ጀመርሁ። እያንዳንዷ እናት ምግቡ የተሠራባቸውን ነገሮች ዝርዝር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅዋን አሰምታ ታነባለች፤ እኔ የምትሰናከልበትን ቃል እመዘግባለሁ። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል መሆኑን በነገርኋቸው ጊዜ፣ «እንግዲያስ ስንዴው ከጤፉ ቀድሞ የተጻፈበት የስንዴ እንጀራ ነዋ!» አሉኝ። አንድ ቀን ደግሞ «ሞልት» የሚል ቃል ገጠመን። ትርጉሙ ብቅል ነው ብዬ ስለ አሠራሩ ላብራራ ስል፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት አቋረጡኝ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጠላ ስጠምቅ ኖሬ፣ ብቅል ከገብስ እንደሚወጣ አንተ ታስተምረኛለህ?»

አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። የልጁ እናት ግን አልሣቀችም። ቃሉን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ከቦርሳዋም ለልጇ ቁርስ የገዛችውን የበቆሎ ቅርፊት ካርቶን አውጥታ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ያዘች። ከስኳሩ አልፋ ጥቂት እንደ ሄደች ጣቷ ቆመ።