ሄዶ ለመመለስ



እኔ የሙያ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ ውትድርናዬን ጨርሼ፣ ብዙ ዓመት በየሕንፃው ሽቦ ስዘረጋ ኖሬአለሁ። ዕድሜዬ 30 ካለፈ በኋላ ነው ለዩኒቨርሲቲ የመሰናዶ ትምህርት የጀመርኩት። በዕብራይስጥ «መኺና» ይባላል፤ እናቴ ግን «ልጄ መኪና ሊይዝ ነው» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። አሁን የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ በልውውጥ አንድ ሴሚስተር አሜሪካ ለመማር እየተሰናዳሁ ነው።

ለምታስቡበት ልጆች ያወቅሁትን ልንገራችሁ። ሁለቱ ተቋማት የልውውጥ ስምምነት ካላቸው ብዙውን ጊዜ የትምህርቱን ክፍያ የምትከፍሉት እዚሁ ለራሳችሁ ነው። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ አውሮፕላንና የጤና ኢንሹራንስ ግን ከኪሳችሁ ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ዲኤስ-2019 የሚባለውን ቅጽ የሚልከው የምትኖሩበት ገንዘብ እንዳላችሁ ስታሳዩ ነው። ከዚያ ለሴቪስ 220 ዶላር፣ ለጄ-1 ቪዛ 185 ዶላር፣ ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ። በውትድርና እንደተማርነው ስንቅ ሳይቆጠር ጉዞ አይጀመርም።

እኔን የከበደኝ ጊዜውን መምረጥ ነው። በጃንዋሪ የሚጀምረው የአሜሪካ ሴሚስተር ከእኛ ፈተና ጋር ይጋጫል። ከኦገስት እስከ ዲሴምበር ያለው ይሻላል፤ እዚህ የሚያመልጠኝ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ነገር ግን ዮም ኪፑርም ሲግድም እዚያ ሳለሁ ይውላሉ።

ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ አዝላኝ ስትመጣ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ያን ጊዜ የተሰናበተቻትን እናቷን ዳግመኛ በዓይኗ አላየቻትም። ለእሷ ጉዞ ማለት መለያየት ነው። ቆይታ «ልጄ፣ ትመለሳለህ?» አለችኝ። ቆንስላውም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ ተማሪው ጨርሶ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ማስረዳት አለበት። ለቆንስላው የማሳየው ወረቀት አለኝ። ለእናቴ ግን ምን ልስጣት?

«እማዬ፣ የሚቆጨኝ ሲግድ ነው» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣» አለችኝ፣ «እኛ ጎንደር ሳለን ሲግድን እንዴት ያከበርን መሰለህ? ተራራ ወጥተን፣ ፊታችንን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረን አይደለም ወይ? በዓሉ እኮ ከሩቅ የምንናፍቅበት ነበር። አንተም ከዚያ ወደዚህ ዙርና ስገድ። እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ።»

ማመልከቻውን በማግስቱ ላክሁ። እግዚአብሔር ከፈቀደ የዘንድሮን ሲግድ እዚያው እስከ እኩለ ቀን ጾሜ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እሰግዳለሁ። የመመለሻ ቲኬቱን ከመሄጃው ጋር አብሬ እቆርጣለሁ። አንዱ ቅጂ ለቆንስላው ነው፤ ሌላውን እናቴ ከትራሷ ሥር አኖረዋለሁ ብላለች።

ጸልዩልኝ። ሰላም ሁኑ።