ስለ ፖሊሱ ሕዝቡ ቢጠየቅ



እኛ ጀጎል ውስጥ «ሸሪፍ» ስንል የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘር የሆነን የተከበረ ሰው ማለታችን ነው። ሚኒያፖሊስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ግን በሰው ግቢ ሣር ላይ የተተከለ የእጩ ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ ላከልኝና «ሸሪፍ ልንመርጥ ነው» አለኝ። ነገሩ ለእኛ ጆሮ ያስቃል፤ ሸሪፍነት በትውልድ እንጂ በምርጫ አይገኝምና። የእነሱ ቃል ግን ከዐረብኛው ጋር ዝምድና የለውም። በጥንት ዘመን እንግሊዝ አገር አንድን ግዛት የሚጠብቅ የንጉሥ ሹም የሚጠራበት ስም ነው። አሜሪካ ሲደርስ ንጉሡ ቀረ፤ ሹመቱ በሕዝብ ድምፅ ሆነ።

ሚኒያፖሊስ የምትገኘው ሄነፒን በሚባል ካውንቲ ውስጥ ነው። ካውንቲ ማለት ከስቴት በታች ያለ፣ በርከት ያሉ ከተሞችን የያዘ አስተዳደር ነው። ሸሪፉ በየ4 ዓመቱ ይመረጣል። እስር ቤቱን ያስተዳድራል፣ ፍርድ ቤቱን ያስጠብቃል፣ ተከራይን ከቤት የማስወጣት ትእዛዝ ሲመጣ ያስፈጽማል፣ ሐይቆቹን ሳይቀር ይቆጣጠራል። ለዚህ ቦታ የሚወዳደር ሰው የፖሊስነት ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ግን እንደኛው አገር ይሾማል እንጂ አይመረጥም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስም የከተማዋ ባልደረባ እንጂ የሸሪፉ ሰው አልነበረም።

በዚያው ካውንቲ በ2018 የተመረጠው ሸሪፍ በዲሴምበር 2021 ጠጥቶ የመንግሥት መኪና ሲነዳ አደጋ አደረሰ፤ ጥፋቱንም አመነ። ብዙዎች «ልቀቅ» ቢሉትም አልለቀቀም። የተመረጠን ሰው እንደ ተቀጣሪ በአንድ ደብዳቤ ማሰናበት አይቻልምና። ነገር ግን በ2022 ለድጋሚ ምርጫ አልቀረበም። በኖቬምበር በሸሪፍ ቢሮዎች ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያገለገለችው ዳዋና ዊት አሸነፈች። ካውንቲው ሴት ሸሪፍ ሲኖረው፣ ጥቁር ሸሪፍም ሲኖረው የመጀመሪያው ነበር።

ይህን ለሰፈራችን ወጣቶች ስነግራቸው አንደኛው «ምነው እኛም ፖሊስ አዛዥ በመረጥን!» አለ። ሌላው ደግሞ «ዲናችን ሹመት አትጠይቁ አይልም ወይ? ፎቶዬን ለጥፌ ምረጡኝ ማለት ምንድነው?» ብሎ ተነሳበት። ሁለቱም ጥያቄዎች ከባድ ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሰሙራን (ረ.ዐ) ሹመትን እንዳይጠይቅ መክረውታል፤ ጠይቆ ያገኘው ሰው ለብቻው ይተዋልና። በሌላ በኩል ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብፅን ጎተራ በኃላፊነት እንዲሰጡት ራሱ ጠይቋል። ዑለማዎች ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ የተወገዘው ለራስ ክብርና ጥቅም መሻት ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ታማኝ ሰው፣ እሱ ካልያዘው የሰው ሐቅ የሚጠፋ ከሆነ ግን መጠየቅ ይችላል ይላሉ። ልብ በሉ፣ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ያቀረበው ማስረጃ ሁለት ነው፦ ጠባቂነቱና ዕውቀቱ።

አንድ ፖሊስ «ሃያ ዓመት አገልግያለሁ» ሲል ስለ ዕውቀቱ ነግሮናል። ስለ ጠባቂነቱ ግን ገና አልነገረንም። ሃያ ዓመት ሐቅ የጠበቀ አለ፤ ሃያ ዓመት ሐቅ ያጎደለም ይኖራል። ማዕረጉ ሁለቱንም እኩል ያስጌጣቸዋል። ታዲያ ማን ይለይልን? በእጁ ያለፉ ሰዎች ናቸው።

የመስጂድ ሥራ ይህን ያሳያችኋል። አንድ ሌሊት እናት በር አንኳኩታ «ልጄን ወሰዱት፣ የት እንዳለ አላውቅም» አለችኝ። አብሬያት ወደ አንድ ጣቢያ ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ ጮኸባት፤ «ነገ ነይ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከውስጥ አንድ ሽበት ያለው ሳጅን ወጣ። ወንበር ሰጣት፣ መዝገቡን ገልጦ የልጁን ስም አገኘላት፣ በምን እንደተጠረጠረና መቼ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ነገራት። ልጁን አልፈታላትም፣ ሕጉንም አላጠፈላትም። እሷ ግን ስትወጣ ዱዓ እያደረገችለት ነበር። ያ ሳጅን ለሹመት ቢቀርብ ምስክሩ ያቺ እናት ናት። የወጣቱም ምስክር እሷው ናት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ ማቋቋምና መምራትን ለክልሎች ሰጥቷል። እኛ የምንመርጠው ምክር ቤቱን ነው፤ የፖሊስ ኮሚሽነሩ በሹመት ይመጣል። ስለዚህ የምርጫ ወረቀት ላይ የፖሊስ ስም አናይም። ግን ስለ ሹም ሕዝብን መጠየቅ የሚባለው ነገር ከአሜሪካ የመጣ አይደለም።

የኩፋ ሰዎች አሚራቸውን ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስን (ረ.ዐ) ለኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ከሰሱት። ሰዕድ ተራ ሰው አልነበረም፤ ጀነት ከተበሰሩት አስሩ አንዱ፣ የቃዲሲያው ጦር መሪ ነው። ዑመር ግን «እንዴት እሱን ትከሳላችሁ?» ብሎ አልዘጋቸውም። ከኃላፊነቱ አነሳው፣ ጠርቶም ጠየቀው። ከዚያ መልእክተኞችን ወደ ኩፋ ላከ፤ አንድም መስጂድ ሳያልፉ ስለ ሰዕድ ጠየቁ። ሁሉም በመልካም መሰከሩለት። በበኒ ዐብስ መስጂድ ብቻ አንድ ሰው ተነስቶ ሐሰት መሰከረበት። ሰዕድም ሰውዬው የዋሸው ለታይታ ከሆነ ብሎ ዱዓ አደረገበት፤ ዱዓውም ደረሰ። በኋላ ዑመር ሊሞት ሲል ሰዕድን ያነሳው በድክመት ወይም በክህደት እንዳልነበር ተናገረ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው ለሹም ነው፦ ትናንት የሠራኸው ጀግንነት ዛሬ ከመጠየቅ አያድንህም። ሁለተኛው ለእኛ ነው፦ የሚጠየቅ ሕዝብ በምላሱ ይጠየቃል። ድምፅ መስጠት ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ አማና ነው። ፖሊስን በዘሩ የሚጠላ፣ ወይም ዘመዱ ስለሆነ ጥፋቱን የሚሸፍን ሰው፣ የምርጫ ወረቀት ቢሰጡት ያንኑ ነው የሚጽፍበት።

ጀጎላችን ውስጥ 82 መስጂዶች እንዳሉ ተመዝግቧል። ዛሬ መልእክተኛ መጥቶ በ82ቱም ስለ ፖሊሶቻችን ቢጠይቅ ምን እንላለን? በበርጫ ላይ የምናወራውን ነው ወይስ በአላህ ፊት የምንደግመውን?

የምንናገርበት ቦታ ደግሞ አለን። የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ የማኅበረሰብ ፖሊስ ውይይት አለ፣ አፎቻችን አለ። ሕጉንም እንወቅ፦ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ይህ ሲጣስ ያየ ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይያዝ፤ በስብሰባ ላይ ሳይሳደብ ይናገር። እንደዚያ ሽበታም ሳጅን ያለውን ያየ ሰውም ዝም አይበል፤ ስሙን ጠርቶ ያመስግነው። ጥሩውን ካልመሰከርንለት አለቆቹ በምን ያውቁታል?

አላህ ለሕዝቡ ሐቅ የሚቆሙ ጠባቂዎችን፣ ለጠባቂዎቹም እውነተኛ ምስክሮችን ይስጠን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።