አሥር ሜትር ቀይ ጥብጣብ

እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ መጠነ ዙሪያ ነው። «አቦ፣ ሒሳብ እዚህም መጣ!» እንዳትሉ። ነገሩ የደረሰው በቤታችንና በታይዋን ነው። ታይዋን ስል በካርታ ላይ ያለውን ደሴት ሳይሆን የኛን የድሬዳዋን ገበያ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ጎረቤታችን ምንጣፍ አምጥታ ዳር ዳሩን ቀይ ጥብጣብ እንድትሰፋላት አዘዘቻት። በማግስቱ የልጇ ሠርግ ስለሆነ መድረስ አለበት። ክፍሏ አንዱ ጥግ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ምንጣፉም እንደ ክፍሉ ተቆርጦ ስድስት ጎን አለው። እማዬ በወረቀት ላይ ሣለችውና የውጭዎቹን ጎኖች 4፣ 3፣ 2 እና 1 ሜትር ብላ ጻፈች። ከዚያ «አንቺ ተማሪ አይደለሽ? ስንት ሜትር ይበቃል?» አለችኝ።

እኔም በዚያው ሳምንት በሒሳብ ፈተና ከ10 ዘጠኝ አግኝቼ ስለነበር ልቤ አብጦ ነበር። ሳላስብ ደመርኩና «አሥር!» አልኩ። ታይዋን ሮጬ ሄጄ ሜትሩን በ20 ብር፣ አሥሩን በ200 ብር ገዛሁ።

ማታ እማዬ ስትሰፋ ጥብጣቡ አለቀ። 4 ሜትር ጎደለ! ለካ ቁጥር ያልተጻፈባቸው ሁለት የውስጥ ጎኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ናቸው። ቁጥር የሌለው ጎን፣ ጎን ያልሆነ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት በማለዳ ታይዋን ስንሄድ ባለ ሱቁ «አቦ እናት፣ ቀዩ አልቋል» አለ። ሌሎች ሱቆችም ዞርን፣ የለም። እማዬ በ280 ብር 14 ሜትር አረንጓዴ ገዛች። ቀዩን ፈትታ እንደገና ሰፋች። የድካሟ ዋጋ 300 ብር ነበር፤ 20 ብር ብቻ ተረፋት። አልተቆጣችኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን መጠየቅ ትታ በሲባጎ ራሷ ትለካ ጀመር። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ለሒሳብ መምህራችን ነገርኳቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉን፦ «ከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ መጋላ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው። ሁለቱንም ስትዞሩ ግን ከተነሳችሁበት እስክትመለሱ የረገጣችሁትን ሁሉ ትቆጥራላችሁ። መጠነ ዙሪያም እንደዚያው ነው።» ጎኖቹ እኩል ከሆኑ አንዱን ለክቶ በጎኖቹ ብዛት ማባዛት ይበቃል። እኩል ካልሆኑ ግን አንድም ሳይቀር መደመር ነው።

ከዚያ ምንጣፉን በደብተሬ ሣልኩት። 4+3+2+2+2+1=14። ጥጉ ባይቆረጥ ኖሮስ? ሙሉው አራት ማዕዘን 2×(4+3)=14 ነው። እኩል ናቸው! ጥጉ ሲቆረጥ የምንጣፉ ስፋት ከ12 ወደ 8 ካሬ ሜትር ይቀንሳል፤ መጠነ ዙሪያው ግን አይቀንስም። የውስጦቹ ሁለት ጎኖች የተቆረጡትን ሁለቱን ይተካሉ። ይህን ባውቅ ኖሮ ሁለቱን ትልልቅ ጎኖች ብቻ አይቼ እመልስ ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ለሁለት ባለ ስድስት ጎን ጠረጴዛዎች ልብስ አዘዘች። እማዬ ሲባጎዋን ስታነሳ «እማ፣ ቆይ» አልኳት። መጀመሪያ ስድስቱንም ጎን ለካሁ፤ ሁሉም 80 ሳንቲም ናቸው። 6×80=480፣ ማለትም 4 ሜትር ከ80። ለመገጣጠሚያ 20 ሳንቲም ሲጨመር 5 ሜትር። ለሁለቱ 10 ሜትር።

እማዬ ሣጥኑን ከፍታ ያንን ቀይ ጥብጣብ አወጣች። ልክ በቃ! «እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንቺ ለኪ» አለችኝ።

ለእናንተም ጥያቄ አለኝ። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ምንጣፍ ከጥጉ ሳይሆን ከአንዱ ጎን መሃል ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር ቢቆረጥ፣ መጠነ ዙሪያው ይቀንሳል፣ ይጨምራል ወይስ ያው ነው? መልሱን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ። ቁጥር ያልተጻፈበትን ጎን እንዳትረሱ!


ከ6ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ