ሰባተኛው ቀለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር ክፍል ካገለገልሁባቸው ዓመታት መካከል ደጋግሜ የማስታውሰው በዐውደ ምሕረት የቆምንበትን ቀን አይደለም፤ የቅዳሜ ከሰዓት ጉባኤያችንን ነው። ጉባኤ ማለቴ ድፍረት ሳይሆን አይቀርም። የመዝሙር ጥናቱ አብቅቶ ሌሎች ሲበተኑ፣ ስድስት ወይም ሰባት ሆነን ከበሮዎቹ በሚቀመጡባት የቆርቆሮ ክፍል እንቀር ነበር። እያንዳንዳችን በሳምንቱ የጻፍነውን ይዘን እንመጣለን፤ አንዱ ያዜማል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ከዚያም የታያቸውን ይናገራሉ። ግጥም መጻፍን በወጉ የተማረ ከመካከላችን አልነበረም። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዷ ነርስ፣ ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እኔም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርሁ። ከበሮ የሚመታው ወንድማችን ደግሞ አንድ ስንኝ እንኳ ጽፎ አያውቅም፤ የሚቀረው ከበሮውን ሳያስቀምጥ መሄድ ስለማይወድ ነበር።

አንድ ሕግ ነበረን፦ መዝሙሩን የጻፈው ሰው፣ ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ አይመልስም። ይህን ሕግ የሰጡን የአጥቢያችን መሪጌታ ናቸው። አልፎ አልፎ ጎራ ብለው ከጥግ ይቀመጡና ዝም ብለው ይሰሙናል። በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ስለ ቅኔ ቤት ሲያወሩን ተማሪው ቀኑን ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር እንደሚውልና ማታ ለመምህሩ እንደሚነግር ይገልጹልን ነበር። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። መምህሩ የተሰበረውን ያቃናሉ፤ የማይቃናውንም «ተወው፣ ነገ ሌላ ቁጠር» ይላሉ። ተማሪው በዚያ ሰዓት ቢከራከር ነገራው ጠብ ይሆናል። «ዝም ብሎ የተነቀፈ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይማራል» ይሉን ነበር መሪጌታ። እኛም ሕጉን ተቀበልን፤ መጠበቁ ግን ከባድ ነበር። ነርሷ እኅታችን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ የምትቀመጥበት ጊዜ ነበር።

አስተያየታችን ምን ይመስል ነበር? በመጀመሪያ የምናውቀው ጣት መቁጠር ብቻ ነበር። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ይዞ ይሄዳል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፤ ቡሄ በሉ አራት አራት። የጎደለ ቀለም ካገኘን ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ወርቅ ያገኘን ያህል እንጮኻለን። ቀስ በቀስ ግን ጆሯችን ሌላ ነገር መስማት ጀመረ። አንድ ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዱ «ይሰማል» በሚለው ቃል የሚዘጋ አዝማች ይዞ መጣ። ጸሎታችንን እግዚአብሔር ይሰማል ማለቱ ነው። ዜማው ግን በቃሉ መካከል ጫን ስለሚል «ሰ» እና «መ» ጠብቀው ወጡ፤ ሰሚው አምላክ የሚሰማ ድምፅ ሆነ። በወረቀት ላይ ምንም ስሕተት አልነበረበትም። በሌላ ቅዳሜ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛው ወንድማችን ያማረ ዜማ አሰማን፤ ሁላችንም ረክተን ሳለ ነርሷ «ይህን እኮ ባለፈው እሑድ ሰርግ ላይ ጨፍሬበታለሁ» አለች። ሕጉ ስለከለከለው መልስ ሳይሰጥ ፊቱ ብቻ ቀላ። ከዚያ በኋላ የዜማ ነገር ሲነሣ መሪጌታ ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በጉሮሯቸው እየለዩ ያሰሙን ጀመር። እኛም የሰርግ ቤት ዜማ በምን በር እንደሚገባብን መለየት ተማርን፤ ሁልጊዜ አይደለም እንጂ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ለሰሙነ ሕማማት አንድ መዝሙር ጻፍሁ። ሦስት ሌሊት ደክሜበታለሁ። ከስንኞቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦

መለኮት ተለየ ከሥጋው በመስቀል

ስድስት፣ ስድስት፤ አንድም ቀለም አልጎደለም። ጓደኞቼ አመሰገኑኝ። መሪጌታ ግን ከጥጋቸው ሆነው፣ «ልጄ፣ ይህን ማን ነገረህ?» አሉኝ። በመጀመሪያ አልገባኝም። እርሳቸው ቀስ ብለው አስረዱ፦ በመስቀል ላይ የተለየችው ነፍስ ናት፤ ነፍሱ ከሥጋው ተለየች፣ መለኮት ግን ከነፍስም ከሥጋም አልተለየም። ከሥጋው ጋር በመቃብር፣ ከነፍሱ ጋር በሲኦል ነበረ። ይህን እኮ አውቀዋለሁ! በትምህርት ክፍል ፈተና ላይ ጠይቀውኝ መልሼዋለሁ። ታዲያ ለምን ጻፍሁት? ሕጉ ባይከለክለኝም መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱ በጣም የሚያሳፍር ነውና። መጀመሪያ የጻፍሁት «ነፍሱ ተለየች» ብዬ ነበር። አምስት ቀለም ሆነብኝ። አንድ ቀለም ልሞላ ስል ነፍስን አውጥቼ መለኮትን አስገባሁ። ስለ አንዲት ቀለም ምሥጢረ ሥጋዌን አፋለስሁ። መዝሙሩን ያጠናው ሕዝብም በዜማ የሰማውን ከስብከት ይልቅ ይይዘዋል፤ እናቶቻችን በየቤታቸው እያንጎራጎሩት ያረጁ ነበር።

ያቃናልኝ ከበሮ መቺው ነው። ግጥም የማይጽፈው ሰው ከበሮውን ታቅፎ፣ «በፈቃዱ ሰጠ፣ ነፍሱን በመስቀል ላይ» ቢባልስ አለ። ቆጠርን። ስድስት፣ ስድስት። ከእኔ ስንኝ ይልቅ ትምህርቱ የጠለቀ ነበር፤ የተወሰደበት ሳይሆን የሰጠ መሆኑን ይናገራልና። መሪጌታ «ይበል!» አሉ። በማኅሌት ለሊቃውንቱ ቅኔ የሚባለውን «ይበል» በዚያች የቆርቆሮ ክፍል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የተባለውም ለእኔ አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ በርኅራኄ የታረመ ሰው ሌላውን እንዴት እንደሚያርም ሊያውቅ ይገባው ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት አንዲት ታናሽ እኅት ተቀላቀለችን። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ካረፉ ሰባት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ይህንንም ሁላችን እናውቃለን፣ በቀብሩ ላይ ዘምረናል። ለብዙ ቅዳሜ ስታዳምጥ ቆይታ አንድ ቀን ወረቀት አወጣች። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ለማዜም አልደፈረችም፤ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝና እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ከመዝሙሩ መካከል ይህ ነበረበት፦

ባዶ ነው በርጩማው እናቴ የለችም
ድንግል ሆይ ተቀመጪ ቤቴም አይጨልምም

መሪጌታ በዚያ ቀን አልነበሩም። ሌሎቹ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ምን እንደነበር ዛሬ ይገባኛል፣ ያኔ ግን የሚናገር የጠፋ መሰለኝ። ጣቴን አውጥቼ ቆጠርሁ፦ ድን፣ ግል፣ ሆይ፣ ተ፣ ቀ፣ መ፣ ጪ። ሰባት! «ስድስት መሆን ሲገባው ሰባት ነው» አልሁ። ቤት አመታቱም «ችም» እና «ምም» ደካማ ነው አልሁ። በዚህ ባበቃሁ ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን ቀጠልሁ፤ በርጩማ የማድ ቤት ዕቃ ነው፣ በመዝሙር ውስጥ ስለ እመቤታችን ሲነገር አይገባም፤ ደግሞም ይህ የግል ኀዘን ነው እንጂ ለምእመናን የሚዘመር አይደለም አልሁ። ከተናገርሁት ውስጥ ሐሰት የነበረው ምን ያህሉ ነው? የቀለሙ ቁጥር እውነት ነበር። የቤቱም ነገር እውነት ነበር። በእነዚህ ሁለት እውነቶች ተሸፍኜ የቀረውን ተናገርሁ።

እርሷ ሕጉን ጠበቀች፤ አልመለሰችም። ሁሉም ሲጨርሱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ወረቀቱን ከእጄ መቀበል ረስታ ነበር፤ ወይም አልፈለገችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ በሌላውም። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? መዝሙሯን «አቃናሁት»። ሆይን አውጥቼ «ድንግል ተቀመጪ» አልሁ፤ ስድስት ሆነ። በርጩማውን ወደ ዙፋን ለወጥሁ። ኮርቼ ለመሪጌታ አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «የማን ዙፋን ነው?» አሉኝ። የእናቷ ነው አልኋቸው። «ንግሥት ነበሩ እንዴ? እኔ የማውቃቸው ለዕጣን ሻጭነታቸው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጧፍና ዕጣን ይሸጡ ነበር» አሉ።

ያን በርጩማ እኔም አውቀው ነበር። ስንት እሑድ ጧፍ ገዝቼባቸዋለሁ።

መሪጌታ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቅዱስ ያሬድን ነገር ብቻ አነሡ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ያ ታላቅ ሊቅ በሕፃንነቱ ትምህርት እንደከበደው፣ አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ሲገርፈው ሸሽቶ እንደሄደ፣ ከዛፍ ሥር ሆኖ ትሉን ደጋግሞ ሲወድቅ በሰባተኛው ሲወጣ አይቶ እንደተመለሰ ገድሉን ሁላችን ሰምተናል። እኛ ይህን ታሪክ የምንተርከው ስለ ትሉ ትዕግሥት ነው። መሪጌታ ግን «ያሬድ ባይመለስ ኖሮ ጌዴዎን ምን ይል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ለሰርክ ጸሎት ሄዱ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ወደ ቤቷ የሄድሁት በጽጌ ጾም አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቡና እያፈላች ነበር፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን መለስሁላትና የሆዴን ነገርኋት። አልቅሳ ወይም ተቆጥታ ቢሆን የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። እርሷ ግን ፈገግ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ያቃናኸውን ነርሷ ነግራኛለች። ሆይን አወጣኸው አሉ። ሳልጠራት እንዴት መጥታ ትቀመጣለች?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ቀጥላም፣ ሰባት እንደሆነ እንደምታውቅ ነገረችኝ። በዜማው ላይ «ተቀመጪ» የሚለው ቃል ይረዝማል፤ ሰው ደክሞት ሲቀመጥ ዕረፍቱ እንደሚዘገየው ሁሉ ድምፁም እዚያ ጋ ይቆያል። ስድስት ከሆነ መቀመጫ የለውም አለች። ትንሹ ወንድሟ እየሰማ ስለነበር «ታዜመው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እነርሱ ለካ ከክረምት ጀምሮ ሁሉም በቃላቸው ይዘውታል።

በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ መዝሙሩን ሰምቼው አላውቅም። በዝናብ መካከል አንብቤው፣ በጣቴ ቆጥሬው፣ በቤቴ አርሜው፣ ለመሪጌታ አስነብቤው ነበር፤ ዜማውን ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅኋትም። «አዚሚልኝ» አልኋት። «ዛሬ አይሆንም» አለች። «ቅዳሜ እመጣለሁ። ከበሮ መቺው ወንድማችን ካለ፣ አንተም እስክጨርስ ዝም ካልህ።»

የቤት አመታቱን ነገር እርሷም እንዳልወደደችው፣ «አይጨልምም» የሚለውን ብዙ ቀን ልትቀይረው ሞክራ እንዳቃታት ስታወራኝ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። በዚያ ላይ ሁለታችንም ያሰብነው ሁሉ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር።

ቅዳሜ መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ መሪጌታም ነበሩ። ዝናቡ አልፎ ስለነበር ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ከበሮ መቺው እጁን ከበሮው ላይ አሳርፎ እንጂ ሳይመታ ጠበቃት። ጀመረች። «ድንግል ሆይ» ብላ ወደ ቀጣዩ ቃል ስትሻገር የቀኝ እጄ ጣቶች ከጉልበቴ ላይ መነሣት ሲጀምሩ አየኋቸው፤ በግራ እጄ ያዝኋቸው።