የዲሴምበርን ውጤት አትመኑት

የጃንዋሪ 2025ቱ የገና ዶሮ ተበልቷል፤ እንግዶቹ የሰኞው በረዶ መንገድ ላይ ሳይጠጥር ብለን በጊዜ ሸኝተናቸዋል፤ ቡናውም በረካ ላይ ደርሷል። እኔ ግን ከቴሌቪዥኑ ፊት መነሳት አቅቶኛል። ፍሎሪዳ 73፣ ቴነሲ 43። የአገሪቱ አንደኛ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ እስከ ዛሬ ማታ ሽንፈት ያልቀመሰው የመጨረሻው ቡድን፣ 14 ተጫውቶ 14 አሸንፎ የፍሎሪዳ ሜዳ ወዳለበት ጌንስቪል ገባና በ30 ነጥብ ተደብድቦ ወጣ።

ጨዋታው ሲጀመር ልጄ፣ «አባዬ፣ ቴነሲን የመሰለ የሚከላከል ቡድን የለም እኮ» ሲለኝ ነበር። እውነቱን ነው። መከላከል ግን በራሱ ነጥብ አያስገባም።

ቅዳሜ የሆነውን አስታውሱ። ኦክላሆማ 13ቱንም አሸንፎ አላባማ ሄደ፤ 107 ለ 79። በዚያው ቀን ይኸው ፍሎሪዳ 13ቱንም አሸንፎ ኬንተኪ ሄደ፤ 106 ለ 100። ዛሬ ደግሞ ቴነሲ። በአራት ቀን ውስጥ ያልተሸነፉ ሦስት ቡድኖች ወደቁ፤ ሦስቱም የወደቁት ሰው ሜዳ ላይ ነው። እኔ ከኅዳር ጀምሮ እዚህ እየጮኽኩ የምለው ይህንን ነው፤ ድሉ ስንት ነው አትበሉ፣ የት ነው በሉ።

እንዴት እንደሆነ እኮ ሁላችንም እናውቃለን። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ኮሌጆች ቼክ እየላኩ ያስመጣሉ፤ ደጋፊያቸው ፊት፣ የለመዱት ሪንግ ላይ ይጫወቷቸዋል፣ በ40 በ50 ነጥብ ይሸኟቸዋል። ትንሹ ኮሌጅ በዚያ ገንዘብ በጀቱን ይደጉማል፤ አልፈርድበትም። የነቢያት ጾምን እኛ ስንጾም ትልልቆቹ ሲፈስኩ ከረሙ። ዛሬ እኛ ፈሰክን፣ እነሱ ጾም ገቡ።

የሜሪላንድ ሰዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ፀጉር ቤት ውስጥ ካኒሺየስን 108 ለ 37 ስታሸንፉ ምን ስትሉ እንደነበር አልረሳሁም! 71 ነጥብ ልዩነት ደስ ይላል፤ ልጄ እዚያ ስለሚማር እኔም ጮቤ ረግጫለሁ። 11 አሸንፋችሁ፣ በ2 ብቻ ተሸንፋችሁ ወደ ዌስት ኮስት በረራችሁ። ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ 75 ለ 69፣ ኦሪገን 83 ለ 79 አሸነፏችሁ። ኮንፈረንሳችሁ ቢግ ቴን አራት የምዕራብ ቡድኖችን ካስገባ ወዲህ የኮንፈረንስ ጨዋታ ማለት አህጉር ማቋረጥ ሆኗል። በዚያ ላይ ቡድኑ ገና መተዋወቁ ነው። ከአምስቱ ቋሚዎች አምና የነበረው ጁሊያን ሪስ ብቻ ነው፤ ጊሌስፒ ከቤልሞንት፣ ራይስ ከቨርጂኒያ ቴክ፣ ሚጌል ከሳውዝ ፍሎሪዳ ተዘዋውረው የመጡ ናቸው፤ ዴሪክ ኩዊን ደግሞ የባልቲሞር ልጅ፣ ገና አንደኛ ዓመት። እኔ በዚህ ልጅ አምናለሁ። ሁለቱንም በጥቂት ነጥብ፣ ከቤታቸው አገር አቋርጠው ሄደው መሸነፋቸው ከካኒሺየሱ ድል ይልቅ ተስፋ ይሰጠኛል።

መዘዋወር ካነሳሁ አይቀር፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ውስጤ የተቀመጠውን ልንገራችሁ። አሠልጣኙ ጂም ላራኛጋ ማያሚን ለቀቀ። በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ በ75 ዓመቱ፣ ቡድኑ 4 አሸንፎ 8 ተሸንፎ እያለ። በ2023 ያንኑ ማያሚን የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። ተጫዋቹ በየዓመቱ ገንዘብ ወዳለበት በሚሄድበት በዚህ ዘመን ደከመው። ዜናውን ሳነብ ማያሚ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ 2006 ነው።

የቆያችሁት ታውቃላችሁ፤ ያኔ ከቬራይዘን ሴንተር አዳራሽ ሁለት ብሎክ ራቅ ብሎ ባለ ፓርኪንግ ጋራዥ ነበር የምሠራው። አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ። ማርች 26፣ እሑድ። የላራኛጋ ጆርጅ ሜሰን ሚሺጋን ስቴትን፣ ኖርዝ ካሮላይናን፣ ዊቺታ ስቴትን አሸንፎ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ለመግባት እዚያ አዳራሽ ከዩኮን ጋር ይጫወታል። መኪኖቹ አረንጓዴና ቢጫ ባንዲራ እያውለበለቡ ገቡ፤ ከዚያ ጋራዡ ጭር አለ። ሰው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የሚገባም የሚወጣም መኪና የለም። ትንሿን ሬዲዮ ከፍቼ አዳመጥኩ። ተጨማሪ ሰዓት፣ 86 ለ 84። ሜሰን! ከፌርፋክስ የመጣ፣ 11ኛ ሆኖ የተመደበ ቡድን! ብቻዬን በጋራዡ ጠባብ ቤት ውስጥ ዘልዬ ጮኽኩ።

ተቆጣጣሪው ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ምንም አላለኝም። የሁለት ሳምንቱ ደመወዝ ሲመጣ የሁለት ሰዓት ተቆርጧል፤ 14 ዶላር። ብጠይቀው በሥራ ሰዓት ሬዲዮ መስማት ስርቆት ነው አለኝ። ወገኖቼ፣ አንድ መኪና እንኳን አላስጠበቅኩም። የጎደለ ሂሳብ የለም። 14 ዶላሩ ይቅር፤ «ሌባ» መባሉ ግን 19 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ሳስበው ደረቴ ላይ ይነደኛል። መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ እንግሊዝኛዬ አልደረሰልኝም። ስለዚህ እዚህ በአማርኛ እመልሳለሁ፦ አልሰረቅኩም።

ያን ዓመት ሜሰን ወደ ማርቹ ውድድር መግባት አይገባውም ያሉ ብዙ ነበሩ። በኮንፈረንሱ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ በሆፍስትራ ተሸንፏላ። ግን በፌብሩዋሪ ዊቺታ ድረስ ሄዶ ዊቺታ ስቴትን በሜዳው አሸንፎ ነበር። ያየ ሰው ያ ቡድን መንገድ እንደማይፈራ ያውቅ ነበር። አሁንማ መንገዱ በቁጥርም ይመዘናል፤ በኤንሲኤኤ ደረጃ አሰጣጥ 75ኛውን ቡድን በሜዳው ማሸነፍ 30ኛውን በራስህ ሜዳ ከማሸነፍ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ግምቴን ልጻፍና ልተኛ። የፍሎሪዳና የቴነሲ ኮንፈረንስ ኤስኢሲ ዘንድሮ ሌላ ነገር ነው። ከኤሲሲ ኮንፈረንስ ጋር በተደረገው ፍልሚያ 14 ለ 2 አሸንፏል፤ እርስ በርስ መደባደባቸው አይጎዳቸውም፣ ሽንፈታቸው እንኳን ክብር አለው። አንድ ኮንፈረንስ ወደ ማርቹ ውድድር ካስገባው ሁሉ ትልቁ ቁጥር እስከ 2024 ድረስ የቢግ ኢስት የ2011ዱ 11 ነበር፤ ዘንድሮ ይሰበራል። ቴነሲም በዛሬው አይጠፋም። ከኤሲሲ የማምነው ዱክን ብቻ ነው። ኦበርንን በራሱ ሜዳ ነው ያሸነፈው፣ እሱን አውቃለሁ፤ ግን የዱኩ ኩፐር ፍላግ 18 ዓመት የሞላው ባለፈው ወር ነው፣ ገና እያደገ ያለ ልጅ ነው።

ዩኮንን አትቅበሩት። ማዊ ላይ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ተሸነፈ፤ ከዚያ ቴክሳስ ሄዶ አሸነፈ።

ጆርጅታውን... እህ። ለዚህ ቡድን ስንት ዓመት ተቃጠልን። በ2022 በቢግ ኢስት 19 ተጫውቶ 19 ሲሸነፍ፣ አምና 2 ብቻ ሲያሸንፍ አብረን ነበርን። ዘንድሮ ሲራክዩስን በገዛ ሜዳው አሸንፏል፣ ክሬይተንን 81 ለ 57 አሸንፏል፤ ቶማስ ሶርበር የሚባል አንደኛ ዓመት ልጅ ከሪንጉ ስር እንደ ትልቅ ሰው ይጫወታል። ማርች ይገባል አልልም። ጃንዋሪ ሲያልቅ ግን ወሬው ስለ እሱ ይሆናል እላለሁ።

በጃንዋሪ የወደቀ አለቀለት ማለትም አይደለም። አምና ኖርዝ ካሮላይና ስቴት እዚሁ ካፒታል ዋን አሬና፣ በኤሲሲ ውድድር 10ኛ ሆኖ መጥቶ በአምስት ቀን አምስት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹ አራት ድረስ ሄደ። ያውም ያ አዳራሽ ያው የድሮው ቬራይዘን ሴንተር ነው።

ዓርብ ዩሲኤልኤ ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ ኮሌጅ ፓርክ ይመጣል። አሁን ረጅሙ መንገድ የእነሱ ነው። ልጄ ሁለት ትኬት ይዟል፤ እሄዳለሁ። ቅርብ ያላችሁ ኑና አብረን እንጩህ።